ኮረብታውን ፊት ለፊት አትውጡት

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው። የሰፈር ልጆች ተሰባስበን ከቤታችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የእግር መንገድ ሠርተን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው ስፖርት ይሠራበታል፤ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣበታል። ከግርጌ እስከ ጫፍ ያደረስነው በአንድ በጋ ነው። ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ መሃሉ ጉልበት የሚያስገባ ቦይ ሆነ። ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሰው ዳር ዳሩን እየሄደ ሌላ ሦስት መንገድ አወጣ። ገሚሶቻችን ሲሚንቶ ለምነን ደረጃ እንሥራ እንላለን። ገሚሱ ሰልችቶት ቀርቷል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ሲሚንቶውን ለጊዜው ተዉት። ከጻፋችሁልኝ ሁሉ ትኩረቴን የሳበው «ከግርጌ እስከ ጫፍ በአንድ በጋ» የምትለዋ ናት። በእጅ መሣሪያና በትርፍ ሰዓት ሥራ በአንድ በጋ ኮረብታ ጫፍ የሚደርስ መንገድ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ የወጣ ነው። እናንተም እንደዚያ ሳታደርጉት አልቀራችሁም።

መንገዱን ያበላሸው እግር አይደለም፤ ውሃ ነው። ኮረብታ ላይ የወረደ ዝናብ አጭሩን መውረጃ ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ ሳሩን ገፋችሁ፣ አፈሩን ጠቅጥቃችሁ፣ ከጫፍ እስከ ግርጌ የተዘጋጀ መውረጃ ሰጣችሁት። የእኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚያወርደው አይነገራችሁም። ውሃ ቁልቁል በሮጠ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቦርቦር ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ለዚህ ነው ከላይ ጫፉ ላይ መንገዱ ደህና መስሎ ታች ጉልበት የሚያስገባው።

የሲሚንቶ ደረጃ ይህን አይለውጠውም። ውሃው ደረጃውን በጎን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አፈር ይበላል። ደረጃው ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ይሰነጠቃል። ብሩም ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል፤ ስብርባሪውን ደግሞ የሚያነሳ አይገኝም።

ስለዚህ መንገዱን አዛውሩት። መስማት የምትፈልጉት ይህን እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ያንን ቦይ አፈር እየሞላችሁ በየዓመቱ ብትደክሙ፣ በየዓመቱ ክረምት ይወስደዋል።

አዲሱ መንገድ የኮረብታውን ጎን ይዞ በዝግታ ይውጣ። የገበያ ቀን ከቆላ ወደ ደጋ አህያ እየነዱ የሚወጡ ሰዎች የሚሄዱበትን የድሮ መንገድ ተመልከቱ። ጭነት የያዘች አህያ ኮረብታ ፊት ለፊት አትጋፈጥም፤ አግድም ትሄዳለች፣ ትዞራለች። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የመኪና መንገድም ያለ ምክንያት አይጠማዘዝም። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ገደሉን ቀጥ ብሎ መውረድ ስለማይቻል ነው።

ቁጥሩ ለእናንተ ቀላል ነው። መንገዱ በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ አይውጣ። 10 በመቶ ማለት 10 ሜትር ስትሄዱ 1 ሜትር ከፍ ማለት ነው። ኮረብታው ከግርጌው 100 ሜትር ከፍታ ካለው፣ በዚህ ልክ የሚወጣ መንገድ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አጭር ቦታ ላይ፣ ድንጋያማ ከሆነ፣ 15 በመቶ ቢሆን ችግር የለውም።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የመንገዱ ቁልቁለት ከኮረብታው ጎን ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ 16 በመቶ ብቻ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ በታች ይሁን። ከዚያ ካለፈ፣ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ወደ ታች መፍሰሱን ይተውና መንገዱን ራሱን ይዞ ይወርዳል። ብዙ ሰው ዳገቱን ብቻ ይፈራል። በትንሹ ብቻ ዘንበል ያለው መሬት ግን የበለጠ ያታልላል።

አሁን እንዴት ትለኩታላችሁ? ኢንጂነር አያስፈልጋችሁም። እርከን ሲሠራ የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የሲባጎ ውሃ ልክ ተዋሱ። ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሃሉ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፤ በቃ። 8 በመቶ ፈለጋችሁ እንበል። ታች የሚቆመው ልጅ ሲባጎውን እንጨቱ ላይ 1 ሜትር ከ50 ላይ ይሰር። ላይ የሚቆመው 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሰር። ልዩነቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ10 ሜትር 8 በመቶ ማለት ነው። የላይኛው ልጅ እንጨቱን ይዞ ኮረብታው ጎን ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይፈልግ። ሦስተኛው መሃል ሆኖ የውሃ ልኩን አረፋ ይይ። አረፋው መሃል ሲቆም «ያዝ!» ይበል። እዚያ ላይ ችካል ምቱ። የታችኛው ልጅ ወደ ችካሉ ይምጣ፣ የላይኛው 10 ሜትር ይቅደም፣ እንደገና። ሦስት ልጆች አንድ ጠዋት ላይ ብዙ ርቀት ይጨርሳሉ። ስልክ ላይ ያለው ማዕዘን መለኪያም ለመጀመሪያ ዳሰሳ ይረዳል፤ ችካል ለመምታት ግን ሲባጎው ይታመናል።

ችካሉ ካለቀ በኋላ አትቆፍሩ። መስመሩን ሁላችሁም ሂዱበት፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎችም ጥቂት ይሂዱበት። የት ወይራ እንዳለ፣ የት ቋጥኝ እንዳለ፣ የት ከላይ እርሻ እንዳለ ተመልከቱ። ችካል መንቀል ነፃ ነው። የተቆፈረ መሬት መመለስ ግን አይቻልም።

ስትቆፍሩ ሙሉውን መንገድ ከኮረብታው ውስጥ ቁረጡት። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ገሚሱን ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር በውጭ በኩል ደልድሎ ስፋት ማግኘት ነው። ያ የተደለደለ አፈር ከሥሩ ጋር አይያያዝም። በመጀመሪያው ክረምት ይንሸራተታል። የወጣውን አፈር ከመንገዱ አርቃችሁ ቁልቁል በትኑት። ስፋቱ 1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። በላይ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፣ ካልሆነ ተንዶ መንገዱን ይዘጋል።

ወለሉ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። 5 በመቶ ይበቃዋል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ወለሉ ላይ አግድም አስተኙ። በውጭው ጫፍ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገቡ። እላዩ ላይ ያስቀመጣችሁት ውሃ ልክ ሚዛን ከሆነ ተሳክቷል። ለዓይን ሲታይ የማዘንበሉ ነገር አያስታውቅም፤ ለውሃ ግን ያስታውቀዋል።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሰው በሄደበት ቁጥር መሃሉ እየተጠቀጠቀ ዝቅ ይላል፣ ውጭው ዳር ላይ ደግሞ የአፈር ጉብታ ይሠራል። ውሃው ማምለጫ ያጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ዝቅታ ነው። መንገዱ እየወጣ ሄዶ፣ ለሦስት አራት ሜትር ትንሽ ይውረድ፣ ከዚያ እንደገና ይውጣ። ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ውጭው ዳር ሰፋ ብሎ ይከፈት። ከላይ የመጣው ውሃ ያንን ቁልቁለት ተመልሶ መውጣት ስለማይችል እዚያው ይወጣል። ዳገቱ ጠንከር ባለበት በየ10 እና 15 ሜትሩ፣ ለስላሳ ሲሆን በየ30 ሜትሩ ገደማ አድርጉ። ውሃውን ወደ መንገዱ ዳር ለመመለስ መንገዱ ላይ እንጨት አግድም የሚቀብሩ አሉ። ይሠራል፣ ግን አንድ ክረምት ደለል ሲሞላበት ያበቃለታል። እንጨቱም ለማገዶ ይሄዳል። ዝቅታው ግን ከአፈሩ የተሠራ ስለሆነ የሚሰረቅ ነገር የለውም።

መታጠፊያ አታብዙ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ለአቋራጭ ፈላጊ ግብዣ ነው። ኮረብታው ላይ ረጅም አግድም ሄዳችሁ፣ ገር ያለ ቦታ ስታገኙ ብቻ ታጠፉ። ከመታጠፊያው በፊት ዝቅታ ሥሩ። ከመታጠፊያው በላይና በታች ባሉት ሁለት መንገዶች መሃል ቁጥቋጦ ወይም ቋጥኝ ይኑር፣ ሰው አቋርጦ እንዳይወርድ።

ከላይ እርሻ ካለ ሌላ ጣጣ አለ። የጎጃም ገበሬ ማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቦይ፣ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። የፈሰሱ ውሃ የሚወጣው የማሳው ዳር ላይ ነው፤ ምናልባት መንገዳችሁ ላይ። ከገበሬው ጋር ቁሙና ፈሰሱ የት እንደሚያልቅ በክረምት አሳዩኝ በሉት። መንገዱ ፈሰሱን የሚያቋርጠው ዝቅታ ላይ ይሁን፣ ወለሉም በድንጋይ ይነጠፍ። ከታች ያለ ማሳ ላይ ደግሞ የመንገዳችሁን ውሃ በአንድ ቦታ አጠራቅማችሁ አትልቀቁበት። ይህ ጠብ ያመጣል፤ ገበሬውም እውነት አለው። ውሃው በየጥቂቱ፣ በብዙ ቦታ፣ ሳር ባለበት ይውጣ።

መሬቱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። የወል ግጦሽ ከሆነ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር፣ ደብተር ያለበት ይዞታ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ከደብሩ ጋር ተነጋገሩ። በጽሑፍ ይሁን።

ባህር ዛፍ ውስጥ የሚያልፍ መስመር ካላችሁ ከባለቤቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ተስማሙ። አጣና ሲቆረጥ በየት ይወርዳል? ሁለት ሦስት አጣና አስሮ በመንገዳችሁ ላይ ቁልቁል የሚጎትት ሰው በአንድ ቀን የሚያወጣው ቦይ ዓመት ሙሉ ሰው ተመላልሶበት አይወጣም። የመጎተቻ መስመር ለብቻ ይሰየም።

አሁን የድሮው መንገድ። ጉልበት የሚያስገባውን ቦይ አፈር አትሙሉት። ውሃውን የሚያዘገዩ ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮች አግድም ሥሩበት። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን፤ ርቀቱን የሚወስነው ይኸው ነው። ክትሩ መሃሉ ዝቅ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ብለው ግድግዳው ውስጥ ይግቡ፣ ካልሆነ ውሃው በጎን ዞሮ ቦዩን ያሰፋዋል። ውሃው ዘሎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ። ከዚያ ደለሉ ራሱ ይሞላዋል፤ እናንተ ሰርዶ ወይም ሰስፓኒያ የሚባለውን ትንሽ ዛፍ ትተክሉበታላችሁ። የላዩንና የታቹን መግቢያ በእሾህ አጥር ዝጉ። ሰዎች ያወጧቸውን ሦስት መንገዶችም እንዲሁ። አዲሱ መንገድ ሳይከፈት የድሮውን ብትዘጉ ግን እሾሁ በማግስቱ ተነስቶ ታገኙታላችሁ።

የታችኛው ሜዳ ጭቃ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ይመስለኛል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምንም ነገር እላዩ ላይ አይረጋም። ከቻላችሁ ዙሩት፣ ትንሽ ከፍ ወዳለው ቀይ አፈር ጎትቱት። ካልቻላችሁ መንገዱን ከመሬቱ አንሱ። ከታች ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር ያለ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ደቃቅ ጠጠር። በግራና በቀኝ ቦይ ይኑረው። ዋልካ ላይ አፈር መድፋት ጭቃ መጨመር ነው።

ደረጃ ከነጭራሹ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ዳገቱ በጣም የከበደበት፣ መዞሪያ የሌለበት አጭር ቦታ ላይ ጥሩ ነው። ግን በድንጋይ ይሁን። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሥሩ። እያንዳንዱ ድንጋይ የበታቹን ጀርባ ይርገጥ። ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሕፃንና ሽማግሌ ያስቡበት። አንድ ሰው ብቻውን በቀላሉ የሚያነሳው ድንጋይ ለደረጃ አይሆንም። ጎጃም ሲሚንቶ ይቸግረው ይሆናል እንጂ ድንጋይ አይቸግረውም።

ስለ ሰው እንነጋገር። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በመሣሪያ እጥረት አይደለም። አንድ ቀን መቶ ሰው ይጠራል፣ ሃያ ዶማ አለ፣ ሰማንያው ቆሞ ያያል። የቆመው በሚቀጥለው አይመጣም። ትንሽ ሰው ጥሩ፣ ሁሉም መሣሪያ ይያዝ። ለአንድ አስተባባሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። በሁለት ቆፋሪ መሃል ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ዶማ ወደ ኋላ ሲነሳ ዓይን የለውም። ጠላው ከሥራ በኋላ ይሁን።

ቀን መምረጥም ቀላል አይደለም። የከተማ ልጅ የሚመቸው ቅዳሜና እሁድ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ያለው ገበሬ ደግሞ በሰንበት መሬት ሲቆፈር ማየት አይወድም። በወሩ ውስጥ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም አለ። «እንግዲያው በሕዝብ በዓል ቀን እንሥራ» ብትሉ፣ ዓድዋ የካቲት 23 ጊዮርጊስ ነው፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 እሱም ጊዮርጊስ ነው፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። አቆጣጠሩ ለቆፋሪ አልተመቸም! የሚያዋጣው ከሥራ በፊት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው የሥራ ቀን ጠዋት ነው። ቅዳሜን ለመዞር፣ ለማየትና ለመነጋገር አድርጉት።

ደቦ ለግንባታ ግሩም ነው። ለጥገና ግን አይሆንም። ጥገና በየጊዜው የሚደረግ ትንሽ ሥራ ስለሆነ ድግስ አይወድም። መንገዱን ከፋፍሉት፤ «ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ወይራ የእገሌና የእገሊት» ተብሎ ይታወቅ። የባለ ድርሻው ሥራ ይህ ነው፦ ዝቅታው ላይ የተኛውን ደለል በዶማ መጥረግ፣ ውጭው ዳር ላይ የተነሳውን ጉብታ ቆርጦ መጣል፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ማንሳት። ለአንድ ድርሻ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አንድ ጊዜ በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ መሃል፣ አንድ ጊዜ በመስከረም።

ከዚህ ሁሉ የማስበልጠው ግን በዝናብ መሃል መሄድ ነው። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው ዣንጥላና ዶማ ይዞ ይውጣ። ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ፣ የት መንገዱን ይዞ እንደሚሮጥ ቁጭ ብሎ ያሳያችኋል። እዚያው በዶማ አፍ ትንሽ ብትከፍቱለት የአንድ ዓመት ጉዳት ይቀራል። በጋ ላይ ይህንን መገመት ብቻ ነው የምትችሉት። መብረቅ ካለ ግን አትውጡ።

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲመጣ ብዙ ወጣት ይሰጧችኋል። ቁፋሮ አታዟቸው፤ እርጥብ አፈር ተቆፍሮ ሲረገጥ ጭቃ ብቻ ነው። ሳር ይትከሉ፣ ክትሮቹ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሳር ያስይዙ። ለክትሩ ድንጋይ መሰብሰብ ደግሞ ለጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ይመቻል፤ ኮረብታችሁ ዘመቻው ውስጥ እንዲገባ አሁኑኑ ጠይቁ።

መስከረም ላይ መጠየቃችሁ ጥሩ ነው። በጥቅምት አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ዶማ ይገባዋል፤ ጥር ላይ ያው መሬት ድንጋይ ይሆንባችኋል። ጥቅምት ላይ ለኩ፣ ሂዱበት፣ ተስማሙ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ቆፍሩ። አዝመራ ሲሰበሰብ የገበሬው ማሳ ዳር አትቁሙ። ዘንድሮ የታችኛውን 300 ሜትር ብቻ ጨርሱ፣ ከዝቅታዎቹ ጋር። ላይኛው ለከርሞ ይቆይ። አንድ ክረምት ከታየ በኋላ የትኛው ዝቅታ እንደጎደለ ስለምታውቁ፣ ቀሪውን በግማሽ ስህተት ትሠሩታላችሁ።